በመለኪያ መሣሪያ ጀርባ የተጻፈው ቁጥር

የኤሌክትሪክ ቮልቴጅን፣ ድግግሞሽንና የሞገድ ቅርፅን የሚለኩ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት መመረት ከጀመሩ ወዲህ፣ በጀርባቸው የሚሰፍረው ሲሪያል ቁጥር አንዱን ከሌላው ከመለየት አልፎ የውስጥ አሠራራቸው የተለወጠበትን ጊዜ እስከ መናገር ደርሷል። ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ቢል ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ ከተማ የመሠረቱት ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ የመጀመሪያ ምርታቸውን፣ በድምፅ የድግግሞሽ ክልል ሞገድ የሚያመነጨውን መሣሪያ፣ “200ኤ” ያሉት ኩባንያው በሥራው የቆየ እንዲመስል ብለው ነበር፤ የኋላ መሣሪያዎቹ ቁጥር ግን ዘመንን የሚገልጥ ሆኖ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በኩባንያው ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ቁጥር አራት አኃዝ፣ አንድ የላቲን ፊደልና አምስት አኃዝ ያለው ሲሆን፣ ለምሳሌ 2237ኤ01234 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 22 በ1960 ላይ ሲደመር 1982ን ይሰጣል፣ 37 የዚያው ዓመት 37ኛ ሳምንት ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1975 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ጋር ይገጥማል። “ኤ” አሜሪካን፣ “ጂ” ጀርመንን፣ “ጄ” ጃፓንን፣ “ዩ” ብሪታንያን ያመለክታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፊተኛው ክፍል፣ ቅድመ ቁጥር ሊባል የሚችለው፣ መሣሪያው ተሠርቶ ያለቀበትን ቀን ሳይሆን በንድፉ ላይ የመጨረሻው ጉልህ ለውጥ የተደረገበትን ጊዜ ስለሚያሳይ፣ ንድፉ እስካልተለወጠ ድረስ ከዓመት በኋላ የተመረተውም ያንኑ ቅድመ ቁጥር ይይዛል፤ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚጨምረው የመጨረሻው አምስት አኃዝ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት በአንዱ የተቀናጀ ሰርኪዩት፣ በተለምዶ ቺፕ በሚባለው አካል ላይ፣ 8345 የሚል የምርት ጊዜ ምልክት ቢታይና ቺፑ በጥገና የተተካ ካልሆነ፣ ጀርባው 2237 ቢልም መሣሪያው ከ1983 45ኛ ሳምንት በፊት ተሠርቶ ሊያልቅ አይችልም።

ቁጥሩ በዚህ መልክ የተቀመረው ለጠጋኙ ሲባል ነው። የጥገና ማኑዋሉ የትኞቹን ቅድመ ቁጥሮች እንደሚመለከት በርዕስ ገጹ ይገልጻል፤ ማኑዋሉ ከታተመ በኋላ ለተለወጠ መሣሪያ ለውጡን የሚዘረዝር ቢጫ ተጨማሪ ወረቀት አብሮ ይላክ ነበር፣ ለቀደመው ደግሞ ንድፉን ወደ ኋላ የሚመልስ ክፍል በማኑዋሉ ውስጥ ይገኛል። ይህን ያላየ ጠጋኝ በቦርዱ ላይ ያገኘው ሬዚስተር ከሥዕሉ ጋር ባለመስማማቱ ብቻ ደህናውን ነቅሎ ሊጥል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1946 በኦሪገን የተቋቋመው ቴክትሮኒክስ በበኩሉ፣ የሞገድን ቅርፅ በስክሪን የሚያሳዩትን ኦሲሎስኮፖች በየፋብሪካቸው ለይቶ ነበር፤ “ቢ” የሚቀድመው ቁጥር ከቢቨርተን፣ በ100000 የሚጀምረው ከገርንዚ ደሴት፣ በ300000 የሚጀምረው ከጃፓን፣ በ700000 የሚጀምረው ከሆላንድ የመጣ መሆኑን ያመለክታል።

የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት፣ ማለትም የመለኪያው ትክክለኛነት ከታወቀ መስፈርት ጋር የተመሳከረበት ሰነድ፣ መሣሪያውን የሚለየው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ፣ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛም ሆነ በላቦራቶሪ የሚረከብ ሰው ሙሉውን ቁጥር ከነፊደሉ ይመዝግብ፤ ማኑዋል ሲፈልግም ከሞዴሉ ስም ጋር ቅድመ ቁጥሩን አብሮ ይጥቀስ።