የሐበሻ ዶሮ፦ አረባብና ዘር አጠባበቅ

የሐበሻ ዶሮ በኢትዮጵያ ገበሬ ጓሮ ለብዙ ትውልድ ስትረባ የኖረች አገር በቀል ዶሮ ናት። ስያሜው በገበያ ከ«ፈረንጅ ዶሮ» ለመለየት የሚያገለግል የወል ስም ነው። አንድ ወጥ ዝርያን አያመለክትም፤ የየአካባቢው አየር፣ በሽታና የገዢ ምርጫ የቀረጿቸውን ብዙ መንጋዎች ያቅፋል። በወለጋ የሆሮ፣ በሐረርጌ የጃርሶ፣ በጎጃም የጥሊሊ ዶሮዎች በተመራማሪዎች ዘንድ በስም ይታወቃሉ። በ2013 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት መሠረት ከአገሪቱ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች 79 በመቶ የሚሆኑት አገር በቀል ነበሩ።

አመጣጥ

የቤት ዶሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ የመጣች ናት። በትግራይ መዝብር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ዘመን የተመደበ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው። ዶሮ በኢትዮጵያ ደጋ ከ2,400 ዓመት በላይ ኖራለች ማለት ነው።

መልክና ጠባይ

ባለቤቶች ዶሮን በላባዋ ቀለም ይጠራሉ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት ገብስማ፣ ነጠብጣብ ያለባት ዝግርማ፣ ወሰራ። አንገቷ ላባ የሌለው መላጣም አለች፤ ይህ ባሕርይ በቆላ ሙቀትን ለመቋቋም ይረዳል። የቀለም ምርጫ ከገበያ አልፎ ከእምነትና ከበዓል ልማድ ጋር ስለሚያያዝ፣ የአንድ ዶሮ ዋጋ ከክብደቷ ጋር ብቻ አይሄድም።

ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላት እንቁላል መጣል ትጀምራለች። በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15፣ በዓመት ደግሞ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። ይህ ከፈረንጅ ዶሮ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ነገር ግን በየዙሩ መጨረሻ ትታቀፋለች፣ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿንም ለሳምንታት ታሳድጋለች፤ ያን ጊዜ ሁሉ እንቁላል አትጥልም። ለእንቁላል ብቻ የተዳቀሉ ዶሮዎች የመታቀፍ ጠባያቸው ስለተወገደ ጫጩት የሚገኘው ከመፈልፈያ ማሽን ነው። የሐበሻ ዶሮ ራሷን የምትተካ መሆኗ፣ ጭልፊትን ከሩቅ ማየቷና ጭራ ማደሯ መብራትና የፋብሪካ መኖ በሌለበት ቤት ትልቅ ሀብት ነው።

መነሻ መንጋ

ለጀማሪ ከ8 እስከ 10 ሴት ዶሮዎችና አንድ ወይም ሁለት አውራ ይበቃሉ። የሚመረጡት ለመጣል የተቃረቡ ቄቦች ናቸው። ለመግዛት የሚመቸው ጊዜ ጾም ነው፤ በዐቢይ ጾም ገዢ ስለሚቀንስ ዋጋው ይረክሳል፣ ምርጦቹም ገና አልተሸጡም። በበዓል ሰሞን ገበያ ግን ከየቦታው የመጡ ዶሮዎች ስለሚታጎሩ በሽታ ይዛመታል። ከተቻለ ከባለቤቱ ቤት መግዛት ይሻላል፤ እናቲቱ፣ እኅቶቿና የጫጩቶቿ ብዛት የሚታዩት እዚያ ነውና። አዲስ የመጣ ዶሮ ከነባሩ መንጋ ጋር ሳይቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆያል።

ቤትና መኖ

ዶሮ ቀን ብትለቀቅም ሌሊት ከሸለምጥማጥ የሚጠብቃት ቤት ያስፈልጋታል። በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ፣ ለእያንዳንዷም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ቦታ ይመደባል። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፋል፤ ሲረጥብ ይለወጣል። ጭራ የምታገኘው ትል፣ ምስጥና ቅጠል ዋና ምግቧ ነው። በጠዋትና በማታ የሚሰጣት በቆሎ ወይም ማሽላ ጉልበት፣ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ ገንቢ ምግብ ይጨምርላታል። ደቆ የተሰጠ የእንቁላል ቅርፊት የካልሲየም ጉድለትን ይሞላል። ንጹሕ ውኃ በማንኛውም ሰዓት መጓደል የለበትም።

ማስታቀፍ

ለማስታቀፍ የሚመረጠው መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ እንቁላል ነው፤ ቆሻሻውን ማጠብ ግን በቅርፊቱ ቀዳዳ ተሕዋስያን ያስገባል። እንቁላሉ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቢበዛ ለ7 ቀን ይቀመጣል። አንዲት እናት ከ10 እስከ 13 እንቁላል በደንብ ታሞቃለች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በዳር ያለው ይቀዘቅዛል። በ7ኛው ቀን ገደማ በጨለማ በባትሪ ሲታይ ሕይወት ያለው እንቁላል የደም ሥር ያሳያል፤ ባዶው ይነሣል። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ይወጣሉ።

ብዙ ጫጩት የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው፤ ብርድ፣ ዝናብ፣ ጭልፊትና በሽታ ይፈራረቁበታል። በእነዚህ ሳምንታት እናቲቱን ከነልጆቿ በተጠለለ ቦታ ማቆየትና ለጫጩቶቹ የደቀቀ መኖ ለብቻቸው መስጠት ከማንኛውም ሌላ ወጪ ይልቅ የመንጋውን ቁጥር ያሳድጋል።

ዘር መምረጥ

የጀማሪ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በበዓል ዋዜማ ነው። ፈጥኖ ያደገው፣ ቁመናው ያማረው አውራ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ይሸጣል ወይም ይታረዳል፤ ያልተፈለገው ቀርቶ የመጪው ትውልድ አባት ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሳይታሰብ ደካማውን መምረጥ ነው። ስለዚህ ዘር የሚሆኑት አስቀድመው እግራቸው ላይ ቀለበት ወይም ባለቀለም ክር ታስሮ ይለያሉ። ሴቷ የምትመዘነው በጣለችው እንቁላል፣ በፈለፈለችውና ለአቅም ባደረሰችው ጫጩት ቁጥር ነው፤ ለዚህም አንድ ደብተር ይበቃል።

ሁለተኛው አደጋ የሥጋ ዘመድ ድቀላ ነው። 1 አውራና 10 ሴት ብቻ ባሉበት ዝግ መንጋ የዝምድናው መጠን በየትውልዱ በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 4 አውራና 20 ሴት ሲሆኑ ጭማሪው ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ውጤቱ የማይፈለፈል እንቁላልና ደካማ ጫጩት ነው። መፍትሔው በጎረቤታሞች ትብብር ይገኛል፤ ሦስት ቤቶች ሴት ልጆችን እናታቸው ቤት አስቀርተው፣ ወንዶቹን በየትውልዱ አንደኛው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአንደኛው ያስተላልፋሉ።

በኢትዮጵያ ገበያ በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነ አውራ ከነጠላው ይልቅ ይወደዳል። ድርብ ከሚባሉት አንዱ፣ ሦስት ዝቅተኛ መስመር ያለው ዓይነት፣ በውርስ ነጠላውን ይሸፍናል። ስለዚህ ሁለት ድርቦች ተገናኝተው ነጠላ ጫጩት ቢወለድ እናቲቱን መጠራጠር አይገባም፤ ሁለቱም ወላጆች የነጠላውን ዘር ተሸክመው ኖሯል።

ፈንግል

የመንደር መንጋን በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ፈንግል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዝናብ መግቢያ ላይ ነው። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነትም ያመርታል። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተከፈተ ስለማይቆይ፣ ጎረቤቶች በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪውም ይቀላል፣ በሽታውም መግቢያ ያጣል።

ዘሩን ማቆየት

እ.ኤ.አ. በ2008 በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በሆሮ ዶሮ ላይ የምርጫ ሥራ ተጀመረ። ምንም የውጭ ደም ሳይገባ፣ በየትውልዱ የተሻሉትን በማስቀረት ብቻ፣ እስከ 45 ሳምንት ዕድሜ የሚጣለው እንቁላል ከጥቂት ትውልድ በኋላ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የ16 ሳምንት ክብደትም ወደ እጥፍ ተጠጋ። የሐበሻ ዶሮ ምርት ዝቅተኛ የሆነው ዘሯ ስለማይችል ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል፤ መራጭ አጥታ ነበር።

የምርምር ማዕከል ሁሉንም መንጋ ሊይዝ አይችልም። የጥሊሊ ወይም የጃርሶ ዶሮ የሚቆየው እዚያው በሚያረባው ሰው ጓሮ ነው። ለጀማሪም የመጀመሪያው የዘር ጥበቃ ሥራ ቀላል ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ምርጡን አውራ ቆጡ ላይ ትቶ ሁለተኛውን ወደ ገበያ ማውጣት።