በኢል ወንዝ ዳር፤ ዕቃውና ቃሉ

የቤተ መዘክር ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን የነገሥታት ዘውድ፣ ዙፋንና የጦር መሣሪያ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በስትራስቡርግ ከተማ የጎበኘሁት የአልዛስ ቤተ መዘክር ግን ከዚህ ይለያል። ዕቃዎቹ የገበሬው፣ የወይን ተካዩና የእጅ ባለሙያው ናቸው፤ ያረፉትም በኢል ወንዝ ዳር ጎን ለጎን በቆሙ የጥንት መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ጉብኝቱ ስለ ሥነ ቃል አሰባሰባችን ያሳደረብኝን ሐሳብ አቀርባለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አልዛስ ከ1871 እስከ 1918 በጀርመን አገዛዝ ሥር ነበረች። የአካባቢው ሠዓሊዎችና ምሁራን የቤተ መዘክሩን ሐሳብ በ1902 ጠንስሰው፣ በ1907 ለሕዝብ የከፈቱት በዚሁ ዘመን ነው። ሁለት መንግሥታት በሚሻሙባት ምድር «እኛ ማን ነን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን የፈለጉት ከማጀት ነበር።

በእንጨት ሰገነት የተከበበውን ጠባብ ግቢ አልፌ ደረጃውን ስወጣ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሰው ቤት የምዞር እንጂ ቤተ መዘክር የምጎበኝ አልመሰለኝም። ምድጃው፣ አልጋውና የመጋገሪያው ዕቃ እንደ አኗኗሩ ተደርድረዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስቆሙኝ ግን ጽሑፍ የሰፈረባቸው ዕቃዎች ናቸው። ክርስቲያኖቹ ልጅ ሲጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት ምርቃት የተጻፈበት፣ በሥዕል ያጌጠ ወረቀት ይሰጡ ነበር። አይሁዶቹ ደግሞ ወንድ ልጅ ሲገረዝ የታቀፈበትን ጨርቅ በቁመቱ ቀደው ይሰፉና፣ ስሙንና የተወለደበትን ቀን፣ ለኦሪት፣ ለጋብቻና ለበጎ ሥራ እንዲበቃ ከሚለው ምርቃት ጋር ጽፈውበት የኦሪት ጥቅል ማሰሪያ ያደርጉታል። ሃይማኖቱ ሁለት ነው፤ ልማዱ ግን አንድ ነው። ምርቃቱ ከተመራቂው ስም ጋር ተጽፎ ይኖራል።

እዚያ ቆሜ አንድ ጥፋቴ ትዝ አለኝ። ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ ምርቃት ስሰበስብ፣ አንድ እናት መደብ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው መርቀውኛል። ቃሉን አንድም ሳላስቀር ጻፍሁ፤ የእርሳቸውን ስም ግን አልጻፍሁም።

ስትራስቡርግ ለእኛ የጥናት መስክም እንግዳ አይደለችም። ኤኖ ሊትማን ከ1906 እስከ 1914 በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በመንሳዕ ምድር የተሰበሰቡትን የትግረ ተረቶችና ግጥሞች ለኅትመት ሲያዘጋጁ የገለቡ ተወላጅ ነፋዕ ወድ ዕትማን ስትራስቡርግ ድረስ መጥተው ረድተዋቸዋል። ቤተ መዘክሩ በሩን በከፈተባቸው በእነዚያው ዓመታት ከተማዋ ውስጥ የአልዛስ ገበሬ ዕቃና የመንሳዕ እረኛ ቃል ጎን ለጎን ይሰበሰቡ ነበር ማለት ነው። ነፋዕ በ1909 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ጠፍተው ቀሩ። ሥራው ከ1910 ጀምሮ ላይደን ላይ ሲታተም አላዩትም፤ ስማቸው ግን ከሥራው ጋር ስለተመዘገበ ዛሬም እንጠራቸዋለን።

እንግዲህ ሥነ ቃል የምንሰበስብ ሁሉ ከቃሉ ጋር ተናጋሪውን፣ ቤቱንና ዕቃውን አብረን እንመዝግብ። መደብ፣ ጎታና ማጀት ከኑሯችን ሲወጡ የተነገረባቸው ቃል ማደሪያ ያጣል። እኔ ስማቸውን ያልጻፍሁላቸው እናት ምርቃት ዛሬም በጽሑፌ ውስጥ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን አንባቢ አያውቅም።