ያተመው ማን ነው?

«ፕሪንትድ ሰርኪዩት ቦርድ» የሚለውን ስም አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር ስጠራው ኖሬያለሁ። ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ነገሩ መጀመሪያ የአታሚ ሥራ እንደነበር ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ይሄ የገባኝ ቦንጋ ውስጥ ቲሸርት የሚያትም ሰው ጋ ሄጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ቡና አለው። ካፋ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ነው፤ የተሰጣ ቡና ካልጠበቁት ይሻግታል። ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ላይ ሙቀትና እርጥበት እየለካ ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ልሥራለት አልኩ። ኮዱ በሁለት ማታ አለቀ። ቦርዱን ከቻይና ለማዘዝ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፤ ቢኖረኝም የቡና ለቀማ እኔን አይጠብቅም። እዚሁ ልሠራው ወሰንኩና ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ።

የታተመ ሰርኪዩት አባት የሚባለው ፖል አይዝለር እ.ኤ.አ. በ1907 ቪየና ተወለደ። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ላይ ሳሙኤል ሳይመን የሐር ስክሪን ህትመትን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አይዝለር በ1930 ኢንጂነር ሆኖ ቢመረቅም አይሁዳዊ በመሆኑ ሥራ ማግኘት ከበደው። የህትመትን ሙያ የለመደው የሬዲዮ መጽሔት ላይ ሲሠራ ነው። በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ያኔ የሬዲዮ ሽቦ አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚበየደው፤ እሱ ግን ሽቦውን እንደ ጽሑፍ ማተም ይቻላል ብሎ አሰበ። ጦርነቱ ሲነሳ እንግሊዞች የጠላት አገር ሰው ነው ብለው አሰሩት። ሲፈታ ያስጠጋው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ አይደለም፤ ለንደን ያለ ሄንደርሰን ኤንድ ስፖልዲንግ የሚባል ማተሚያ ቤት ነው። የፈጠራ ማመልከቻውን ያስገባው በ1943 ነው።

ስክሪኑን ወደዚህ ሥራ በብዛት ያስገቡት ደግሞ አሜሪካኖች ናቸው። በጦርነቱ መጨረሻ ገደማ ሴንትራላብ የተባለው ኩባንያ የብር ቀለም በስክሪን እያሳለፈ ሴራሚክ ላይ ሰርኪዩት አተመ፤ ለሞርታር ጥይት ፊውዝ። የቲሸርት ጥበብ ጦር ሜዳም ዘምቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ፊልሜን ይዤ፣ ቲሸርት አታሚው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን መዳብ ላይ ማተም ይቻላል?»

«መዳቡ ምን ይቸግራል ኢንጂነሩ፤ ቀለሙ ነው እንጂ። የኛ በውሃ ይለቃል። የፕላስቲክ ማተሚያውን ፈልግ።»

ልክ ነበር። ቀለሙ የሸፈነው መዳብ ይቀራል፣ ያልተሸፈነውን ፌሪክ ክሎራይድ ይበላዋል። በውሃ የሚለቅ ቀለም እዚያ ውስጥ አይበረክትም።

ስክሪኑ ላይ የሚቀባው ኬሚካል ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል፤ በፊልሙ ጥቁር መስመር የተሸፈነው ለስላሳ ሆኖ ይቀርና በውሃ ይታጠባል። ቀለም የሚያልፈው በዚያ ነው። እኔ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ደቂቃ በስልኬ ቆጠርኩ። ሳጥበው ሁሉም ተጠርጎ ሄደ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር።

«ሰዓት አትይ፣ ጥላህን እይ» አለኝ። «ጥላህ ካልጠቆረ ጨምርበት።»

ሁለተኛው ላይ ሁለት መስመር ተበጠሰ። ሦስተኛው ሠራ። የተጠቀምኩበትን ፌሪክ ክሎራይድ በጀሪካን ዘግቼ አስቀምጬዋለሁ፤ መዳብ አለበት፣ ቡና ሥር አይደፋም።

አይዝለርን ማተሚያ ቤት የወሰደው ስደት ነው፤ እኔን የዶላር እጥረት። ሁለታችንም እዚያ ያገኘነው ሙያ ዲግሪያችን ውስጥ አልነበረም። ባይቸግረኝ ኖሮ ያንን ሱቅ ቲሸርት ብቻ የሚታተምበት ቤት ነው እያልኩ አልፈው ነበር።

ቦርዱ አሁን አልጋው ላይ ታስሮ ይለካል። ጥግ ላይ «ቦንጋ» የሚል የመዳብ ፊደል አለው፤ አታሚው ነው ይግባበት ያለው። አባቴ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ያያል፤ ከዚያ ግን አንድ ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ይሞክራታል።