ስም ያልተጻፈበት ጆንያ



ሰሞኑን አንዱ ልጃችን (አሁን ፕሮግራመር ሆኗል፣ ኮርቼበታለሁ) በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ባስተማሩን መንገድ ሊስት ጽፌ ሥራ ቦታ ሳቁብኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይ ያዙ።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ዕቃ የምናጠራቅምባቸው ቬክተርና ሃሽቴብል የሚቀበሉት «ኦብጀክት» ነበር። ኦብጀክት ማለት ማንኛውም ነገር ማለት ነው። ስም ብትከት፣ ቀን ብትከት ዝም ብሎ ይቀበላል። ስም ያልተጻፈበት ጆንያ በሉት። ጣጣው የሚመጣው ስታወጣ ነው። «ይሄ ቁጥር ነው» ብለህ ራስህ ዋስ ትሆናለህ፤ ካስት ማድረግ የምንለው እሱን ነው። ከተሳሳትክ ኮምፓይለሩ አይነግርህም። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ ክላስ ካስት ኤክሰፕሽን ብሎ ይወድቃል። የሚወድቀውም ያወጣህበት መስመር ላይ እንጂ የተሳሳተውን የከተትክበት መስመር ላይ አይደለም።

የውጤት ፕሮግራሜን ታስታውሳላችሁ? ስም፣ ማርክ፣ ስም፣ ማርክ እያልኩ በአንድ ሊስት ደርድሬ ነበር። ፈተና ያልተቀመጠ አንድ ልጅ ነበረና በማርኩ ቦታ «አልተፈተነም» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ምንም አላለም። ካርድ የምናትም ቀን ጠዋት፣ ወላጆች በር ላይ ቆመው፣ ቀጥ አለ። ግማሹን ካርድ በእጅ ሞላን።

የሚገርመው መድኃኒቱ ጃቫ ሳይወለድ የነበረ መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ ሮቢን ሚልነር ኤዲንብራ ላይ ኤምኤልን፣ ባርባራ ሊስኮቭ ደግሞ ኤምአይቲ ላይ ክሉን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲሠሩ፣ ጆንያው ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ የሚጻፍበትን መንገድ አበጅተው ነበር። ለጃቫ ግን ቆየ። ማርቲን ኦደርስኪና ፊሊፕ ዋድለር መጀመሪያ «ፒዛ» የተባለ ቋንቋ ሠሩ (አዎ፣ ፒዛ!)፣ ከዚያ በ1998 ከጊላድ ብራቻና ከዴቪድ ስታውታማየር ጋር ጂጄን። የጂጄ ሐሳብ ጄነሪክስ ተብሎ ጃቫ 5 ውስጥ የገባው በ2004 ነው።

እኔ ዲፕሎማዬን ስማር በእጄ የነበረው ሃንዳውት ግን ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ነበር። ቀኑን ሳላይ ያንኑ ለናንተ አስተላለፍኩ።

በ2004 ሌላ ራስ ምታት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የተጻፈ ኮድ አለ፤ እሱ መሰበር የለበትም። ስለዚህ ኮምፓይለሩ የጆንያውን ስም አንብቦ ያጣራል፣ ከዚያ ይፍቀዋል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ጆንያው እንደድሮው ስም የለሽ ነው። ሲሻርፕ በ2005 ጄነሪክስ ሲያስገባ ስሙን አልፋቀም፤ በምትኩ አዳዲስ ኮሌክሽኖችን ከአሮጌዎቹ ጎን አቆመ። እኔ በጃቫዎቹ አልፈርድም። የሰው ሥራ ላለማፍረስ ብለው ነው።

እሺ፣ የምር የተለያዩ ነገሮችን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብንፈልግስ? የጃቫን ኮሌክሽን ማዕቀፍ የነደፈው ጆሹዋ ብሎክ በ2008 በወጣው የ«ኢፌክቲቭ ጃቫ» ሁለተኛ እትም ላይ መላውን አስረድቷል። ስሙን ጆንያው ላይ አትጻፍ፣ ቁልፉ ላይ ጻፍ። ማፕ ትይዛለህ፤ ቁልፉ ራሱ ክላሱ ነው። በስትሪንግ ክላስ የከፈትከው ስትሪንግ፣ በኢንቲጀር ክላስ የከፈትከው ኢንቲጀር ይሰጥሃል። ስታስገባም ስታወጣም ኮምፓይለሩ ቁልፉንና ዕቃውን ያስተያያል። አንተ ዋስ አትሆንም።

ግን ለአንድ ክላስ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚይዘው። የ2004ቱ ዕዳም እዚህ ይከተልሃል፦ የስትሪንግ ሊስትና የኢንቲጀር ሊስት ስማቸው ስለተፋቀ ክላሳቸው አንድ ነው፤ በቁልፍ ልትለያቸው አትችልም።

ለኛ የውጤት ፕሮግራም ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። «ተማሪ» የሚል ክላስ፣ በውስጡ ስም የሚባል ስትሪንግና ማርክ የሚባል ኢንቲጀር፣ ከዚያ የተማሪ ሊስት። «አልተፈተነም» ብዬ ማርኩ ውስጥ ስጽፍ ኮምፓይለሩ እዚያው ቀይ መስመር ያሰምርብኝ ነበር። ያ ጠዋት በሰላም ያልፍ ነበር።

የተሳቀብህ ልጅ፣ ይቅርታ። የታረመውን ኮድ እሁድ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ስህተት ካገኛችሁ አትማሩኝ።