ቃል ለቃሚዎቹ በአገው ምድር

በ1845 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ የቋንቋ ጥናት ማኅበር ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ያዘጋጀውን የቃላት ሠንጠረዥ አሳተመ። ቤክ ጎጃም ውስጥ፣ ከባሶ ገበያ አቅራቢያ ያውሽ ላይ ከርሞ ነበር። በዚያ ቆይታው የበርካታ ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላት ሰብስቦ ጎን ለጎን ደረደራቸው። ከነዚያ ዓምዶች አንዱ የአገው ምድር ቋንቋ ነው፤ ዛሬ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቻግኒ የሚነገረው፣ ባለቤቶቹ አውጚ፣ እኛ በአማርኛ አዊኛ የምንለው። ሌላው ዓምድ የጋፋትኛ ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ዕጣቸው ግን ተለያየ። በ1947 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የጋፋትኛን ተናጋሪ ፍለጋ ጎጃም ሲገባ በብዙ ድካም ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። ጋፋትኛን የምናውቀው ባሕር ማዶ በቀሩ ወረቀቶች ነው። አዊኛ ግን በግማሽ ሚሊዮን በሚጠጋ ሕዝብ አፍ ይነገራል።

ከቤክ ሰባ ዓመት ያህል በፊት በዚህ አገር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ደረሰ። ስለ አገዎች የጻፈው ረጅም ነው፤ ጎንደርን በከብት፣ በማር፣ በቅቤና በሰም የሚመግቧት እነሱ እንደነበሩ ይመሰክራል። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ሌላው ሥራው ነው። መኃልየ መኃልይን በአገሩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ይዞ ሄደ፤ ከነዚያም የዳሞት አገው ቋንቋና ጋፋትኛ ይገኙበታል። የፍቅር መዝሙር መምረጡ ለቋንቋ ጥናት መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ዓይንና ጥርስ፣ ፍየልና በግ፣ ማርና ወተት፣ የወይን ቦታና በለስ ሁሉ ይነሣበታልና።

ብሩስ ኮሶንም ሥሎ ስለ መድኃኒትነቱ ጽፏል። የእንግሊዛዊ ወዳጁን የጆሴፍ ባንክስን ስም ሰጥቶት ነበር፤ ያ ስም አልጸናም። ዛሬ በሳይንስ የሚታወቀው በሌላ ሰው ስም፣ ሀጌንያ አቢሲኒካ ተብሎ ነው። እንጅባራ በበኩሏ ለረጅም ጊዜ የምትጠራው ኮሶበር ተብላ ነበር። የዛፉን ስም በከተማቸው ላይ ያኖሩ ሰዎች ማንንም ማሞገስ አላስፈለጋቸውም።

ከቤክ በኋላ ደግሞ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1905 እ.ኤ.አ. የዳንግላን አዊኛ የሚመለከት ሰፊ ማስታወሻ አሳተመ። ሮበርት ሄትስሮን በ1969 የግሡን ሥርዓት ብቻ የሚተነትን ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ ዴቪድ አፕልያርድ በ2006 የአገው ቋንቋዎችን ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት አወጣ። ከነዚህ ሥራዎች የምንማረው ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ቁጥሩን እንይ፤ ሁለት ላጛ፣ ሰባት ላጝታ ነው። ሰባት ከሁለት ተወልዷል ማለት ነው። ሦስትና ስምንትም እንዲሁ ይዛመዳሉ። ጥንት አንድ እጅ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ከአምስት በላይ ያለው እንደገና ከታች ተነሥቶ ይቆጠር እንደነበር የሚያሳይ አሻራ ነው።

አማርኛም ለአገው ቋንቋዎች ውለታ አለበት። ዶሮ፣ ዓሣ፣ ዝንጀሮ የምንላቸው ቃላት ከአገው ቋንቋዎች የመጡ መሆናቸውን የዘርፉ ሊቃውንት ያስረዳሉ። አዊኛም በፊናው ከአማርኛ ብዙ ወስዷል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የግብፅ ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ ወርቅ ፍለጋ የሚልከውን ሲራራ የአገው ገዥ እንደሚያሰናዳው ጽፏል፤ ያን ያህል ዘመን አብረው የኖሩ ሰዎች ቃል ባይዋዋሱ ነበር የሚገርመው። አማርኛ ተናጋሪው ዶሮ ወጥ በሠራ ቁጥር የአገውን ቃል እንደሚጠራ ማወቁ ተገቢ ይመስለኛል።

ሆኖም የውጭዎቹ ቃል ለቃሚዎች በአመዛኙ የሚሹት ለንጽጽር የሚመች ቃል ነበር፤ ቁጥር፣ የአካል ክፍል፣ እንደ ጝን ያለ ቤትን የሚያመለክት ስም። የቀርከሃው ባለሙያ ለቆረጣ ከደረሰው ግንድ እስከ ለጋው ቡቃያ፣ ከስንጥሩ እስከ አጥሩ የሚጠቀምበት ቋንቋ በዚህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። ማር ቆራጩ ስለ አበባው ወቅት፣ ባልቴቷ ስለ ጓሮ መድኃኒት የሚያውቁትም እንደዚያው ነው።

የአገሩ ልጅ ራሱ ቃሉን ሲለቅም ምን እንደሚገኝ በሩቁ ፓስፊክ ያሉት የሃዋይ ሰዎች ያሳዩናል። በ1896 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት አስወጣው። በ1978 ከእንግሊዝኛ እኩል የግዛቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ፤ በ1984 ደግሞ በሃዋይኛ ብቻ የሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። ይህ ሁሉ ሲሆን በእጃቸው አንድ ትልቅ ሀብት ነበር፤ ሜሪ ካዌና ፑኩዊ ከሳሙኤል ኤልበርት ጋር ያዘጋጀችው የ1957ቱ መዝገበ ቃላት። ፑኩዊ የአገሩ ልጅ ናት፤ በአያቷ እጅ አድጋ የተክሉን፣ የዓሣ ማጥመጃውንና የዝማሬውን ቃል ከቤት ያገኘች።

አዊ፣ የአዊኛ ተናጋሪዎቹ ዞን፣ ዛሬ የተሻለ መነሻ አላት። አዊኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአፍንጫ በኩል ለሚወጣው የራሱ ድምፅ እንደ ጘ ያለ ፊደል አለው፤ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይማሩበታል። የሚጎድለው የአገሩ ልጅ የሚለቅመው ቃል ነው። መነሻው ሩቅ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ኮርቻና ግላስ ሠሪው፣ ልጓም ያዡ፣ የፈረሱን መልክና አካሄድ በስሙ የሚለይ ሽማግሌ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተርና መቅጃ ይዞ ከነሱ አጠገብ ቢቆም፣ ከቤክ ሠንጠረዥም ከብሩስ ወረቀትም የማይገኘውን በራሱ ቋንቋ ይጠይቃል።