የተዘጋን ፎልደር ለመክፈት ሥልጣን ያለው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰብነውን ታሪክ ጽፈን ያስቀመጥንበትን ፎልደር ሌላ ሰው እንዳያይብን ስንዘጋ፥ በገዛ እጃችን ራሳችንን ከደጅ አስቀረን። በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ «ችሞድ» በሚባለው ትእዛዝ 700 ልንል ሲገባን 600 ብለን ነበርና የፋይሎቹ ስም ይታያል እንጂ አንዱም አልከፈት አለ። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ከጓደኞቻችን አንዱ ዲስኩ ተደምስሶ እንደ ገና ይሰናዳ ብሎ መከረን፤ ምክሩን ተቀብለን ቢሆን ኖሮ የሁለት ወር ድካማችን በጠፋ ነበር። ከዚህ የተነሣ ነገሩን በታሪኩ በኩል ልንመረምረው ወደድን።

ጥያቄው የተነሣው ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት አሳዩ። በዚሁ ሥርዓት በ1966 በፕሮግራም ስሕተት የተጠቃሚዎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል በዕለቱ ማስታወቂያ ፈንታ ለገባ ሰው ሁሉ ታየ። እነርሱ ሳያስቡ ከፈቱ፤ እኛ ሳናስብ ዘጋን።

ቀጥሎ የመጣው መልቲክስ ለእያንዳንዱ ፋይል የተፈቀደላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር አበጀለት። ዝርዝሩን ለመለወጥ የሚችለው ግን ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ለማሻሻል የተፈቀደለት ነበር፤ ይኸውም የውስጡ በር ቁልፍ በውጭው በር ላይ እንደ መሰቀል ያለ ነው።

ቤል ላቦራቶሪስ በ1969 ከመልቲክስ ሥራ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ጀመሩ። ኅዳር 1971 በወጣው የመጀመሪያው መምሪያ እንደ ተጻፈው፥ ፋይል ሁሉ ባለቤት አለው፤ ፈቃዱንም ለመለወጥ የሚችሉት ባለቤቱና ሱፐር ዩዘር የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ ብቻ ናቸው። ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ይመስለናል። ባለቤቱ የማንበብን ፈቃድ ከራሱ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ፈቃዱን የመለወጥ ሥልጣኑ ግን አይነሣም። ሰው የቤቱን ቁልፍ ከገደል ቢጥል ቤቱ የእርሱ መሆኑ አይቀርምና።

የእኛም ስሕተት በዚሁ ይገለጣል። በዛሬው አቈጣጠር 4 ማንበብ፥ 2 መጻፍ፥ 1 ደግሞ ፕሮግራምን ማስኬድ ነው፤ በፎልደር ላይ ሲሆን ግን 1 ማለት በበሩ አልፎ መግባት ነው። 6 የ4ና የ2 ድምር ስለ ሆነ ስሞቹን እናነባለን፥ ወደ ውስጥ ግን አናልፍም። ባለቤቶቹ እኛው ነበርንና 700 ብለን ጻፍን፤ ተከፈተ፤ አንድም ገጽ አልጐደለም። (777 በል የሚሉም አሉ፤ ይህ በሩን ነቅሎ ለመንገደኛ ሁሉ መስጠት ነው።)

ማይክሮሶፍት በ1993 ያወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ እንደ መልቲክስ ወደ ስም ዝርዝር ተመለሰ፤ ባለቤትነትንም ጨመረበት። በዚያ ላይ የሚደርሰው ስሕተት «ለሁሉም ሰው ይከልከል» ብሎ መጻፍ ነው፤ ከሁሉም ሰው ውስጥ ጸሐፊው ራሱ አለበትና። እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ ዝርዝሩን ያርማል፤ ባለቤቱ ከሌለም አስተዳዳሪው አስቀድሞ ባለቤትነቱን ወስዶ ከዚያ በኋላ ለራሱ ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ፋይሉ በምስጢር ጽሕፈት የተለወጠ እንደ ሆነ፥ ባለቤትም ሆነ አስተዳዳሪ ያለ ቁልፉ ሊያነበው አይችልም፤ በዚያ ጊዜ የተዘጋው በሩ ሳይሆን ጽሑፉ ራሱ ነውና።

የሽማግሌዎቹን ቃል በዚያው ቀን በሁለት ሌሎች ቦታዎች ገልብጠን አስቀመጥነው።