ቀጭኑ ሦስት ማዕዘን፦ ከቅየሳ እስከ ሲሙሌሽን የማስጠንቀቂያ ታሪክ

የሞያሌ ከተማ በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ለሁለት ተከፍላ ትገኛለች። የከፈላት መስመር ረጅም የልኬትና የድርድር ታሪክ አለው። በ1902 እና በ1903 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርቺባልድ በተር በመራው ጉዞ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የአካባቢውን ካርታ አነሣ፤ በ1907 ውል ተፈረመ፤ በ1908 እና በ1909 ሜጀር ቻርልስ ግዊን መስመሩን በምድር ላይ ቢለይም ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም፤ ጉዳዩ በሁለቱ አገሮች ውል የታሰረው በ1970 ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የዚያን ዘመን የካርታ ሥራ ዋና መሣሪያ፣ የሦስት ማዕዘን መረብን፣ እንዲሁም በዛሬው የምሕንድስና ሶፍትዌር ዳግም የሚታየውን የመረቡን ሕመም ነው።

የሦስት ማዕዘን አንድ ጎንና ማዕዘኖቹ ከታወቁ የቀሩት ጎኖች በስሌት ይገኛሉ። ስኔልዩስ በ1617 ያሳተመው የምድር ልኬት የቆመው በዚሁ ዘዴ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከታወቀው ጎን ትይዩ ያለው ማዕዘን በጣም ሲጠብ ትንሽ የልኬት ስሕተት ይገዝፋል። በ60 ዲግሪ ማዕዘን ላይ የተፈጠረች የአንድ ደቂቃ ስሕተት በ5 ዲግሪ ማዕዘን ላይ ብትፈጠር፣ በጎኑ ርዝመት ላይ የምታደርሰው ጉዳት ወደ 20 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀያሽ ከቀጭን ሦስት ማዕዘን ይሸሻል።

ሪቻርድ ኩራንት በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ አንድን አካል በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ሬይ ክላፍ በ1960 ዘዴውን «ፊናይት ኤለመንት» ብሎ ሰየመው። ቀደም ሲል፣ በ1934፣ ቦሪስ ዴሎኔ ያቀረበው አከፋፈል ከተሰጡ ነጥቦች ትንሹን ማዕዘን በተቻለ መጠን የሚያሰፋ በመሆኑ ለመረብ ሥራ ተመራጭ ሆነ። ሚሎሽ ዝላማል በ1968 ጠባብ ማዕዘንን የሚከለክል መስፈርት አወጣ፤ ባቡሽካና አዚዝ ደግሞ በ1976 ለስሌቱ እውነተኛው ጠንቅ ወደ 180 ዲግሪ የተጠጋ ሰፊ ማዕዘን መሆኑን አስረዱ። የቀያሹና የመሐንዲሱ ፍርሃት ተዛማጅ እንጂ አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይመጣል። «ስሕተት» ከመንገድ መውጣትን ይናገራል፤ «ማስጠንቀቂያ» ደግሞ ጥንቃቄን ይጠይቃል። አንድ የመረብ ክፍል ይዘቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ስሕተት ነውና ስሌቱ መቆም አለበት። ቅርጹ ከተዛባ ግን ሶፍትዌሩ አስጠንቅቆ ሊቀጥል ይችላል፤ በመጨረሻም ያማረ ሥዕል ያወጣል። አደጋው ያለው እዚህ ነው፤ ድልድይ ወይም ግድብ የሚነድፍ ሰው ሥዕሉን አምኖ ማስጠንቀቂያውን ሊረሳ ይችላል።

መፍትሔው መረቡን በጭፍን ማድቀቅ አይደለም። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያው የሚያመለክተው ቦታ ይፈለጋል። ብዙውን ጊዜ መንሥኤው በንድፉ ላይ የቀረ አጭር ጠርዝ፣ ስስ ገጽ ወይም ሁለት አካላት ሲገናኙ የማይገጥም ወሰን ነው፤ የሚታረመውም ንድፉ ነው። በግድግዳ ዳር የፈሳሽን ፍሰት ለመከተል ሆን ተብሎ የተሳሳ ንብርብር ግን ጉድለት አይደለም። ከዚያም መረቡ በግማሽ ደቅቆ ስሌቱ ይደገማል፤ ውጤቱ ጎልቶ ከተለወጠ የመጀመሪያው የሚታመን አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ በአማርኛ የምሕንድስና ትምህርት ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማስተማር የቃላት ጌጥ አይደለም። «ስሕተት» ሲባል ሥራው ይቆማል፤ «ማስጠንቀቂያ» ሲባል ደግሞ ውሳኔው ወደ ሰው ይመለሳል።